ሐሜት የጾምንበት ሁዳዴ

ሰቆጣ ላይ ወደ እግዜር መቅረብ ትንፋሽ ይፈልጋል። ቤተ ክርስቲያኑ አብዛኛው ሽቅብ ነዋ። ጠዋት ነጠላውን አጣፍቶ የሚወጣውን ሰው ብታዩት፣ በየድንጋዩ እየቆመ ጉልበቱን ይይዛል፤ "አቤት፣ አቤት" የሚለው ግማሹ ጸሎት ነው፣ ግማሹ ዳገቱ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ የጥንት ሰዎች ሆነ ብለው ነው እዚያ ላይ የሠሩት። ዳገት የሚወጣ ሰው ማውራት አይችልም፤ ያላወራ ሰው ደግሞ ሳያስበው ትንሽ ይጸድቃል።

የእኛ ቤት ነገር ግን ለየት ይላል። እኛ ካቶሊኮች ነን። አባቴ ሰቆጣ ጤና ጣቢያ ድሬሰር ሆኖ ከአጋመ ሲመደብ፣ እናቴን፣ እኔንና አንዲት አህያ ይዞ መጣ፤ ቤተ ክርስቲያናችን ግን እዚያው አጋመ ቀረች። ቄሳችን ሲቀናቸው በዓመት አንዴ በበቅሎ ብቅ ይላሉ፤ ካልቀናቸው ሰላምታ ይልካሉ። ስለዚህ አደይ፣ እናቴን እንዲህ ነው የምጠራት፣ የምትወጣው ዳገት የላትም። ከተቀመጠችበት ነው ወደ እግዜር የምትቀርበው።

እንዴት አትሉም? አመሻሹ ላይ እግሯን ስትታጠብ ቀኗን ትመረምራለች። "ዛሬ ማንን አስቀየምኩ? በማንስ ላይ ተናገርኩ?" ትላለች ለራሷ። መልሱን የምሰጣት ግን እኔ ነኝ።

"ጠዋት ዶሮዋን ረግመሻታል፣ አደይ።"

"ዶሮዋን ተያት።"

"እኔንም ረግመሽኛል።"

"አንቺንስ ገና እደግምሻለሁ።"

ሴትዮዋ ነፍሷን ልትመረምር ተቀምጣ እኔን መርምራ ትነሳለች። ቢሆንም አትተወውም። እኔ ስስቅባት እንኳ ፊቷ ላይ አንድ የረጋ ነገር አለ፤ ውሃ ሲጠል እንደሚጠራው ዓይነት።

ታዲያ በሁዳዴ የሰፈሩ ሴቶች በረንዳችን ላይ ተሰብስበው ጥጥ ይፈትላሉ። ጥላ ስላለው ነው ይላሉ። ውሸት ነው፤ ከበረንዳችን የጤና ጣቢያው በር ስለሚታይ ነው። ማን እንደታመመ፣ ማን ማንን ደግፎ እንደመጣ፣ ማን ምንም ሳይታመም እንደመጣ ሁሉም ከዚያ ይታያል። የፈታዮቹ አለቃ እማማ ይርገዱ ናቸው፤ የጓደኛዬ የአልማዝ እናት። እማማ ይርገዱ እንዝርታቸውን ሲያሾሩ የአንድ ሰው ታሪክ ይጀምራሉ፤ ክሩ ሲያልቅ ሰውዬውም አልቆለታል። ክፉ ሴት አይደሉም። የታመመ ሲኖር ቀድመው የሚደርሱ እሳቸው ናቸው፤ መታመሙንም ቀድመው የሚያወሩ እሳቸው ናቸው።

አንድ ቀን አደይን ሊነኳት ፈለጉ። "አንቺ ለተየሱስ፣ የእናንተ የካቶሊኮቹ ጾም ቀለል ያለ ነው ይባላል። እውነት ነው?"

"ሆድ መጾሙማ ምን አለው፣ እቴ ይርገዱ?" አለች አደይ። "እሱን ጎተራውም ያስጾመናል። እኔን የከበደኝ አፍ ነው።"

"አፍ ደግሞ እንዴት ሆኖ ይጾማል?"

"እዚህ የሌለን ሰው አለማንሳት። እስከ ፋሲካ።"

ከዚያ እቴ ዘሃራ፣ ባሏ ገበያው አፍ ላይ ሱቅ ያለው ሙስሊሟ ጎረቤታችን፣ ጥጧን እያፍታታች፣ "በእኛም እኮ ሰው ማማት ሥጋውን እንደ መብላት ነው ይባላል" አለች።

እማማ ይርገዱ እንዝርታቸውን አቆሙ። "ሥጋ ከሆነማ በሁዳዴ አይበላም።"

በዚሁ ተማማሉ።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ባያችሁልኝ። እንዝርት ብቻ ይሰማል። ለካ የሌለን ሰው ካላነሳን የምናነሳው የለንም። ስለ ደመና ተወራ፤ ደመና የለም፤ አለቀ። ስለ ጥጡ ተወራ፤ ጥጥ ነው፤ አለቀ። እኔ ደግሞ ዝም ያለ ሰው ሳይ እጄን ይበላኛል። "እማማ ይርገዱ፣ ያቺ እየተሽኮረመመች ወደ ጤና ጣቢያው የምትገባው ማን ናት?" እላለሁ። መንጋጋቸው ይንቀሳቀሳል፣ ጉሮሯቸው ይወጣል ይወርዳል፣ ከዚያ የዋጡት ወሬ ወደ ሆዳቸው ሲመለስ ይታየኛል። "አላየሁም፣ ልጄ" ይላሉ፤ አይተዋል፣ ጫማዋን ሳይቀር አይተዋል።

በመጨረሻ አዘንኩላቸው። እንዲህም አልኳቸው፦ "መሐላው እኮ ለሰው አንናገርም ነው። አህያ አልተጠቀሰችም።"

አህያችን ከበረንዳው ጎን ታስራ ነው የምትውለው። እማማ ይርገዱ እኔን አዩኝ፣ አህያዋን አዩ፣ እንደገና እኔን አዩኝ። "ይቺን እንስሳ ውሃ የሚሰጣት የለም እንዴ?" ብለው ተነሱ። ሲመለሱ ፊታቸው እንደ ሙሽራ ፊት በርቶ ነበር። በማግስቱ ሌላዋም ተነሳች፣ ሌላዋም። እንዲህ ውሃ የጠጣች አህያ በዋግ ምድር የለችም። ንስሐ አባት በዕድሜው የማይሰማውን በአንድ ሁዳዴ ሰማች፤ እሷ ደግሞ ጆሮዋን ከመጣል በስተቀር ቀኖና አትሰጥም። አደይ ሁሉን ታያለች፤ ምንም አትልም። አመሻሽ ላይ ብቻ "ዛሬስ ማንን አሳሳትኩ?" የሚል ተጨመረ፤ እያየች ያለችው ግን እኔን ነበር።

እስከዚህ ድረስ ጨዋታ ነው። ከዚያ የአልማዝ ሽማግሌዎች መጡ።

ጠያቂው ኪሮስ የሚባል የኒሯቅ ሰው ነው፤ ፍየል እየነዳ ሰቆጣ ገበያ የሚመጣ። አልማዝ ገበያ ላይ አይታዋለች፤ ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል አለችኝ። ይኼን ብቻ ነው ያወቀችው፤ በቃት። ሲነጋ ስለዚያ እጅ ታወራለች፣ ሲመሽ ስለዚያ እጅ ታወራለች። እኔማ "የቀረውስ አካሉ?" እላታለሁ።

የአገሩን ደንብ ታውቃላችሁ። ሽማግሌ ሲመጣ ወዲያው እሺ አይባልም፤ "እስኪ እንጠይቅ" ተብሎ ቀጠሮ ይሰጣል፤ የዚህኛው ቀጠሮ ለሆሣዕና ነበር። ወንዶቹ ዘር ይቆጥራሉ፤ ሴቶቹ ጠባይ ይጠይቃሉ። ይማታል ወይ? ይሰክራል ወይ? እናቱን እንዴት ያያል? ይኼ ሁሉ ሰውዬው በሌለበት፣ ፈትል ላይ፣ በሹክሹክታ የሚጠየቅ ነው። ሹክሹክታው ደግሞ ጾም ላይ ነው። እማማ ይርገዱ፣ የአገሩን ሰው ሁሉ ጓዳ የሚያውቁ ሴት፣ የገዛ ልጃቸውን የሚወስደውን ሰው መጠየቅ አቃታቸው። አፋቸውን ይከፍታሉ፣ አደይን ያያሉ፣ ይዘጋሉ። ሲብስባቸው በኽምጣኛ ያጉረመርማሉ፤ አማርኛው ለንዴት አይበቃቸውም።

እቴ ዘሃራ ግን ታውቃለች። ወንድሟ ኒሯቅ ጨው ይነግዳል። ከሽማግሌዎቹ ወዲህ ክሯ ይበጠስባታል፣ ትቀጥለዋለች፣ ይበጠስባታል። በመጨረሻ ባሊውን አንስታ ወደ አህያዋ ሄደች። እማማ ይርገዱም ከግድግዳው ወዲህ ድንገት ነጠላቸው ወደቀችና ለማንሳት ብዙ ቆዩ።

"ምን ላድርግ አንቺ?" ትላለች እቴ ዘሃራ ለአህያዋ። "ይኼ ኪሮስ የተባለው በየወሩ እህል ጭኖ ብቻውን ሰሃላ ቆላ ይወርዳል። ለማን ቢሉት አይናገርም። ሚስት አለችው ነው የሚሉት።"

እማማ ይርገዱ ነጠላቸውን አንስተው ወደ ቤታቸው ሄዱ። እንዴት ሰሙ እንዳይባሉ እቴ ዘሃራን መልሰው መጠየቅ አይችሉም፤ አልሰማሁም ብለው ልጅ መስጠት ደግሞ አይሆንላቸውም። ለአልማዝ "ለሆሣዕና ሲመጡ እምቢ ነው" አሏት፤ ለምን አላሏትም። አልማዝ እኛ ቤት መጥታ ጓዳ ውስጥ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። እጇን አፏ ላይ አደረገች፤ ከማልቀሱ እሱ ባሰብኝ።

ነገሩን ሁሉ ለአደይ ነገርኳት፣ አህያዋንም ጨምሬ። መቁጠሪያዋን አስቀመጠች። ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ፣ "ሰውዬው ስለሌለ እኮ ነው ሐሜት የሆነው" አለች። "ይምጣና ይስማው።"

ጠያቂ መልስ ሳያገኝ በልጅቷ ዘመዶች ደጅ አያልፍም፤ ነውር ነው። የእኛ ቤት ግን የማንም ዘመድ አይደለም። አባቴ "ለፋሲካ ፍየል እፈልጋለሁ" ብሎ ላከበት። ኪሮስም በገበያ ቀን ፍየሉን እየጎተተ ሲገባ፣ በረንዳው ሙሉ ሴት እንዝርቷን ይዛ ታየዋለች። ሊመለስ ነበር፤ ፍየሉ እምቢ አለ።

"ና፣ ልጄ፣ ተቀመጥ" አለችው አደይ። "የሌለ ሰው ላናነሳ ምለናል። አሁን ስላለህ እናነሳሃለን።"

እማማ ይርገዱ ክራቸው ላይ አቀረቀሩ። አደይ ቀጠለች። "በየወሩ እህል ጭነህ ሰሃላ ትወርዳለህ። እዚያ ሚስት አለችው ይባላል። አለችህ?"

"መሄዱን እሄዳለሁ" አለ ኪሮስ። "ሚስት የለችኝም።"

"እህሉ ለማን ነው ታዲያ?"

"እሱን አልናገርም። ከተናገርኩት ያልቃል።"

"እህሉ ነው የሚያልቀው?" አልኩ እኔ። አደይ በዓይኗ ቆነጠጠችኝ።

እማማ ይርገዱ ቀና አሉ። "እንግዲያስ እኔም ልጄን አልሰጥም። በጨለማ እጇን ይዤ ገደል አልሰዳትም።"

"ልክ ነዎት፣ እማማ" አላቸው፤ ፍየሉንም ሊያነሳ እጁን ወደ ገመዱ ዘረጋ።

አልማዝ እኔ ከቆምኩበት በር ኋላ ተደብቃ ነበር። ቀሚሴን ጨብጣ ያዘች። አፌ ደግሞ እንደምታውቁት ነው፤ ሳላስበው ወጣ። "ለአህያዋ ይንገራት እንጂ። የሁላችሁንም ይዛ የለ?"

ሴቶቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ጥጣቸው ላይ አቀረቀሩ። እቴ ዘሃራ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። ኪሮስ እየቀለድኩበት እንደሆነ ሊያውቅ ትክ ብሎ አየኝ፤ እውነት ለመናገር ግማሹ ቀልድ ነበር። እሱ ግን ገመዱን ለቀቀና ወደ አህያዋ ሄደ፤ አንገቷንም አቀፋት።

"ሰማሽ፣ እናቴ እኔን ስትወልድ ሞተች። ያጠባችኝ ሰሃላ ያለች ሴት ናት። ድሮ ደጇን የረገጠ ሁሉ በልቶ ነበር የሚሄደው። አሁን ዓይኗ ጠፍቷል፣ ልጅም የላትም። ጎረቤቱ ከማሳዋ የገባ እህል ይመስለዋል። ተጦረች ሲባል ታፍራለች ብዬ ነው። ደግሞም ይኼን አንዱን ነገር እግዜር ብቻ ይወቀው ብዬ ነበር።"

ዞር ሲል ዓይኑ ቀልቷል። "ይኸው፣ የሰማይ ዋጋዬን አስበላችሁኝ።"

ከዚያ እማማ ይርገዱ ጥጡን ከጭናቸው አራግፈው ተነሱ። "ምን ተናገርክና? እኛ ምን ሰማን? ለአህያዋ ነው የነገርካት።" ነጠላቸውን አስተካከሉ። "ለሆሣዕና ሽማግሌዎችህ እንዳይቀሩ።"

እስከ ፋሲካ ድረስ እውነትም ማንም ምንም አልሰማም ነበር። ፋሲካ ጠዋት ግን ዶሮውም ተበላ፣ ወሬውም ተፈታ። እማማ ይርገዱ አማች አይደለም ጻድቅ ያገኙ መሰላቸው፤ ከሰቆጣ ዙሪያ የማያወሩለት ቀበሌ አልቀረም። ኪሮስ ገበያ ሲገባ ሽማግሌው ይመርቀዋል፣ ሴቱ እልል ይልለታል። እሱ እንደ ተሰረቀ ሰው አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። ወሬው ሰሃላ ድረስ ደረሰ፤ አሮጊቷ ግን "ልጄ ነው፤ ማን ይጡረኝ ታዲያ?" ብለው ኮሩ እንጂ አላፈሩም። አደይ ደግሞ እግሯን እየታጠበች አዲስ ጥያቄ አመጣች። "ሰውን በሌለበት ማመስገንስ ሐሜት ይሆን?" አባ ሲመጡ ጠይቂ አልኳት። አባ ዘንድሮ ሰላምታ ነው የላኩት።

ሠርጉ በግንቦት ሆነ፤ ጎጆውም እዚሁ ሰቆጣ ተወጣ። አልማዝ እሱ ሲስቅ እጁን ከአፉ ላይ ታነሳዋለች፤ ጥርሱ ደህና ነው፣ አይቻለሁ። ከክረምት ወዲህ ግን ኪሮስ ከሰሃላው ሌላ፣ በዳህና በኩል ደግሞ እህል መጫን ጀምሯል። ለማን እንደሆነ የምታውቅ አልማዝ ብቻ ናት። ጠየቅኳት፤ "እንኳን ለአንቺ ለትራሴም አልነግርም" አለችኝ።

ባለፈው ሳምንት ከአልማዝ ጋር በረንዳችን ላይ ተቀምጠን ሳለ እማማ ይርገዱ ከገበያ እየተንጨረጨሩ መጡ። "ኪሮስ ዳህና ሚስት አለችው እያሉ ነው። አንዷን ጉሮሮዋን ላንቃት ነበር። የሚረዳው ችግረኛ ቢኖር ነው ብዬ ልንገራቸው እንጂ፣ አልማዝ?"

"ተዪአቸው፣ እምዬ። ሚስት ናት ይበሉ። እሱ እንዲህ ሲባል ነው ደስ የሚለው።"

"ደስ ነው የሚለው?"

"በጣም።"

እማማ ይርገዱ እንዝርታቸውን አንስተው አሾሩት፤ ክሩ እስኪረዝም ድረስ አሰቡበት።

"እንግዲያስ" አሉ፣ "ነገ ወርጄ ሁለት ናቸው እላቸዋለሁ።"