ሚስተር ሆስኪን ጠብ ሲያስረዱ

በእንግሊዝ አገር፣ ሳይጠሩት በሰው ጠብ መሐል የሚገኝ አዋቂ የሌለበት ሰፈር የለም። የእኛው አዋቂ ክቡር ሚስተር ዊልፍሬድ ሆስኪን ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የቋንቋ መምህር።

ሰው ሲጣላ ብቅ ይሉና «በመጀመሪያ ቃሉን እንረዳው» ይላሉ። ቃሉ ሁልጊዜ «ኢምብሮይል» ነው፤ ሰውን መውጫ እስኪያጣ ጠብ ውስጥ መዝፈቅ ማለት ነው። «ከፈረንሳዮች የወሰድነው ግስ ነው» ይላሉ። «እነሱ ዘንድ ማደባለቅ፣ ማወሳሰብ ነበር። ሥሩን ከሾርባ የሚያዛምዱትም አሉ!»

አንድ ጊዜ በአጥር የተጣሉ ጎረቤቶችን ሲያስረዱ ሁለቱ ታረቁና እሳቸውን አኮረፉ። ፌርማታ ላይ ያስረዱ ዕለት ደግሞ አውቶቡሱ ሁላችንንም ጥሎን ሄደ።

ባለቤቴ ሌናርድ በሐምሌ ሞተ። በማኅበራችን የአትክልት ቦታ አንድ መደብ ነበረው፤ በደንቡ ሰው ሲሞት መደቡ ተራውን ለሚጠብቅ ሌላ አባል ይሰጣል። በእጁ የተከለው ባሮ ሽንኩርት ግን ገና ጣት አያክልም። እስኪደርስ እንዲተዉልኝ በአዳራሹ ስብሰባ ላይ ኮሚቴውን ለመንኩ።

«አዝናለሁ አይሪስ፤ ደንብ ደንብ ነው» አሉ ሰብሳቢዋ ሚስስ ፔምበርቲ። «ድምፅ እንስጥ።»

ሚስተር ሆስኪን ተነሡ። «ከድምፁ በፊት አንድ ቃል።»

«ኧረ በፈጠረዎት!» አለ አንዱ ከኋላ። «ያቺ ቃል እንዳትሆን ብቻ!»

ያቺው ነበረች። ፈረንሳይ ገቡ፤ ድስቱን ጣዱ፤ አማሰሉ።

«ሚስተር ሆስኪን፣ ያጠቃልሉ እንጂ!»

«እመቤቴ፣ ወደ ፍሬ ነገሩ ገና አሁን መግባቴ ነው።»

ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን አዳራሹን የተከራዩት መዘምራን ገቡ። ድምፅ ሳይሰጥ ተበተንን። ቀጣዩ ስብሰባ በመጋቢት ነው፤ እስከዚያ መደቡን የሚነካው የለም።

ውጭ ደረስኩባቸው። «ሆን ብለው ነው አይደል?»

«ምኑን?» አሉ በቁጣ። «ግማሹን እንኳ መች ተናገርኩ! ሰው የማያስጨርስ ሕዝብ!»

እውነታቸውን ይሁን ሲያሾፉ እስካሁን አላወቅሁም።

በኅዳር የሌናርድን ባሮ ሽንኩርት ነቀልኩ። እንደ ክንዴ ወፍሯል። ከድንች ጋር ጋገርኩና ሚስተር ሆስኪንን ምሳ ጠራኋቸው። ሳህናቸውን ሞልቼ ከፊታቸው ተቀመጥኩ።

«በሉ እስኪ ያቺን ቃል ያስረዱኝ» አልኳቸው። «ካቋረጡዎት ቦታ ሳይሆን፣ ከመጀመሪያው።»