ማራኬሽ በፍርግርግ

መጎብኘት የማይሆንለት ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አጋጥሞኛል። ታምራት ይባላል፤ እዚሁ ደቡብ አፍሪካ፣ ሶዌቶ፣ ከሱቄ ፊት ለፊት ስፓዛ የሚሉት የሰፈር ሱቅ አለው። እኛ ባለ ስፓዛዎች ዘራፊ ስለምንፈራ የምንሸጠው ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ሆነን ነው፤ ዳቦውም «ሳውቦና» የሚለው ሰላምታም በአንዲት ቀዳዳ ያልፋል።

ታምራት አሥር ዓመት እንዲህ ኖሮ፣ ባለፈው ወር ጥንታዊቷን የሞሮኮ ከተማ ማራኬሽን ሊጎበኝ ለሦስት ቀን ሄደ። ሲመለስ ሱቄ ድረስ መጥቶ ፎቶዎቹን በስልኩ አሳየኝ። ግንቡም፣ አደባባዩም፣ ጋሪ የሚጎትተው አህያ ሳይቀር በፍርግርግ ተሸንሽኗል!

«ምን ጉድ ነው?» አልኩት።

«ሰው በዛብኛ! በየት በኩል እንደሚመጣብኝ እንኳ አላውቅም። አንድ ቅመም ሻጭ ባለ ፍርግርግ ሱቅ ነበረው፤ ለምኜው ውስጥ ገባሁ። ከተማዋ የታየችኝ ያኔ ነው።»

እንግዲህ እናንተው ፍረዱ! አፍሪካን ከጫፍ እስከ ጫፍ አቋርጦ ሱቅ ውስጥ ይቀመጣል? ሻጩ ለስግደት ሲወጣማ ከሙን ሸጦለታል።

«ለመሆኑ ማራኬሽ እንዴት ናት?»

«ደንበኞቿ ጨዋ ናቸው።»

እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁበት።

«ና ውጣና ፀሐይ ላይ ቁጭ ብለን በደንብ ላሳይህ» አለኝ፣ ስልኩን ከፍርግርጌ ቀዳዳ መልሶ እየሳበ።

«ኧረ ግድ የለም» አልኩት፤ «ከዚሁ ይታየኛል።»