ሳላነብ የፈረምኩት ቅጽ

እኛ ሰዎች በፊርማ ለጋሶች ነን። ሌላ ነገር ስንጠየቅ «እስቲ ልማከርበት» እንላለን፤ «ፈርሙ» ሲሉን ግን እስክሪብቶ ፍለጋ ኪሳችንን እንዳብሳለን። በዚያ በግምገማው ዘመን እንደ እኔ ሆሳዕና ከተማ ያስተማራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ለስብሰባው፣ ለቃለ ጉባኤው፣ በዕቅዱ ለመስማማታችን ስንፈርም እንውል ነበር። ቆም ብሎ የሚያነብ ከተገኘ «ምን ያጠራጥረዋል?» ይባላል። ስለዚህ አናነብም። እንፈርማለን።

እኔም ጉድ የፈላብኝ በዚሁ ልማድ ነው። ስለ እንሰት ዝርያዎች የጻፍኳት ጥናት በአንድ የውጭ መጽሔት ተቀባይነት ስታገኝ አንድ ቅጽ ተላከልኝና በደስታ ግርጌው ላይ ፈርሜ መለስኩ። ጥናቷ ግን ከእኔ ጭንቅላት ብቻ የወጣች አልነበረችም። ከከተማው ወጣ ብሎ ሀቢቾ በሚባል መንደር የሚኖሩት እማማ ታደለች ሁለት ክረምት ሙሉ ጓሯቸው ውስጥ እያዞሩ፣ ይሄ ጊምቦ ነው፣ ያ ሲስቀላ ነው እያሉ አስተምረውኛል። በምላሹ የፈለጉት አንድ ነገር ነው።

«ጽሑፍህ ሲወጣ መጥተህ በሀዲይኛ አንብብልኝ። ጠይቆኝ የሄደ ሁሉ ተመልሶ አያውቅም» አሉኝ። በማርያም ስም ማልኩላቸው።

ታተመች ተባለና መናኸሪያው አጠገብ ካለው ኢንተርኔት ቤት ገባሁ። ገጹ እንደምንም ተከፈተ። ርዕሱ መጣ፤ ስሜ ከነአባቴ መጣ፤ ቀጥሎ «ሙሉውን ለማንበብ በዶላር ይክፈሉ» የሚል መጣ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይሄኔ ነው! እኔ ዶላር ከየት አባቴ ላምጣ? ያን ጊዜ ቅጹን አውጥቼ አነበብኩት። መብቴን ሁሉ ለአሳታሚው ሰጥቻለሁ፤ ያለ ፈቃዱ ጽሑፉን ለማንም ማዳረስ አልችልም። ይፈቀድልኝ ብዬ ጻፍኩ። መልስ የለም።

ፈራሁ፤ ምን እደብቃችኋለሁ። ለእማማ ታደለች ማንበብ «ማዳረስ» ይሆን? ባላነብስ መሐላዬ? ሳምንቱን ሙሉ ይህንኑ ሳወጣ ሳወርድ ሰነበትኩ። ባለቤቴ «ደግሞ ማን ሀቢቾ ድረስ መጥቶ ይከስሃል?» ብላ ብትስቅብኝም አልተጽናናሁም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በእጄ የጻፍኩትን ረቂቅ ኮቴ ውስጥ ሸጉጬ ሄድኩ። ለእሳቸው ብቻ በሹክሹክታ አነባለሁ ብዬ ነበር፤ እሳቸው ግን ጎረቤቱን ሁሉ ጠርተው ጠበቁኝ። ወደ ሀዲይኛ እየመለስኩ አነበብኩ። ውሻ በጮኸ ቁጥር ወደ በሩ አያለሁ።

«ምን ሆነሃል? የሰረቅከው ነገር አለ እንዴ?» አሉኝ ስጨርስ። ፊርማዬንም ፍርሃቴንም አንድ በአንድ ነገርኳቸው።

እማማ ታደለች በጓሮው በር ወደ እንሰታቸው በእጃቸው ጠቆሙ። «ልጄ፣ አንተስ ፈርመሃል፤ የእጅህን ነው ያገኘኸው» አሉኝ። «እኔ ግን ነገ ጓሮዬ ስገባ ይሄን ጊምቦ፣ ጊምቦ ብዬ ልጥራው ወይስ ለሰዎቹ ጻፍልኝና ላስፈቅድ?»

ጎረቤቱ ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም። ስለዚህ ጉዳይ ቅጹ ላይ የተጻፈ ነገር ይኖር እንደሆነ ለማስታወስ እየሞከርኩ ነበር።