ማንደፍሮ ለበረዶ መኪና ሲመርጥ

(ሳን ሆዜ፣ ቅዳሜ ከሰዓት። የቅንጡ መኪኖች መሸጫ ግቢ ውስጥ ሁለት ግዙፍ ኤስዩቪዎች፣ አንዱ የጀርመን ሌላው የእንግሊዝ፣ ጎን ለጎን ቆመዋል። ማንደፍሮ ማውንቴን ቪው አንድ ቴክ ካምፓኒ ውስጥ ይሠራል፤ የማያውቀው ነገር የለም። ጓደኛው ሰረቀብርሃን ኦክላንድ ሆስፒታል ይሠራል፤ ነገር የሚገባው ቀስ ብሎ ነው። አንድ ቸርች ናቸው። ማንደፍሮ የጀርመኑን መሪ ጨብጦ ተቀምጧል፣ ሰረቀ ከጎኑ።)

ሰረቀ፦ እኔ ያልገባኝ፣ መሪ ለምንድን ነው የሚሞቀው?

ማንደፍሮ፦ እጅህን እንዳይበርድህ ነዋ!

ሰረቀ፦ ጓንት የለም?

ማንደፍሮ፦ ጓንት! የዚህን መኪና መሪ በጓንት መያዝ፣ አዲስ አልጋ ላይ ከነጫማ መተኛት ማለት ነው።

ሰረቀ፦ ሳን ሆዜ ደግሞ መቼ በርዶ ያውቃል? እኔ ራሴ ከኦክላንድ በቲሸርት ነው የመጣሁት።

ማንደፍሮ፦ ለሳን ሆዜ ማን አለህ? ለታሆ ነው! ለተራራው! ለበረዶው! አንድ ነገር ስንት ጊዜ ነው የሚነገርህ?

ሰረቀ፦ እኔም የመጣሁት እሱን ልነግርህ ነው። ታሆ...

ማንደፍሮ፦ ቆይ፣ አታቋርጠኝ። መጀመሪያ እንምረጥ። ይሄ ጀርመኑ ስድስት መቶ የፈረስ ጉልበት አለው። ያ እንግሊዙ አምስት መቶ ሃምሳ።

ሰረቀ፦ ሃምሳዎቹ ፈረሶች የት ሄዱ?

ማንደፍሮ፦ (በረጅሙ ተንፍሶ) ጌታ ሆይ ትዕግሥት ስጠኝ። እንግሊዙ በምትኩ ሰስፔንሽኑ የአየር ነው።

ሰረቀ፦ ውይ! መንጃ ፈቃድህን ሰስፔንድ አደረጉብህ? ምን አጥፍተህ?

ማንደፍሮ፦ የመኪናው ነው! ከፍ ዝቅ የሚያደርገው! በረዶ ሲያይ ራሱን በራሱ ከፍ ያደርጋል።

ሰረቀ፦ እንዳንተ በለኛ።

ማንደፍሮ፦ (ሳይሰማው) ጀርመኑ ደግሞ ሎንች ኮንትሮል አለው።

ሰረቀ፦ እሱ ጥሩ ነው። መንገዱ ሩቅ ነው፤ ምሳ ያስፈልጋል።

ማንደፍሮ፦ የምን ምሳ? ሎንች! እንደ ሮኬት መወንጨፍ! እግርህን ስትጭነው ጀርባህ ከወንበሩ ይጣበቃል።

ሰረቀ፦ በረዶ ላይ?

ማንደፍሮ፦ የትም!

ሰረቀ፦ መሄዱንስ ይሂድ፤ እንዴት ነው የሚቆመው?

ማንደፍሮ፦ ጎማውን አላየኸውም? ሰመር ፐርፎርማንስ ታየር ነው እኮ!

ሰረቀ፦ ሰመር ማለት የሙቀቱ ወቅት አይደል እንዴ?

ማንደፍሮ፦ ስሙ ነው። አንተ ሰረቀብርሃን ስለተባልክ ጭንቅላትህ በርቷል?

ሰረቀ፦ እሱስ እውነትህን ነው። ግን ለአንድ ቀን መንገድ ለምን አትከራይም?

ማንደፍሮ፦ ናዝሬትን በኪራይ መኪና? እናቷን እትዬ ተናኘን? ሴትዮዋ ልጃቸውን ሊጠይቁ ከአዲስ አበባ ድረስ መጥተው፣ "በረዶ የሚባለውን ማን ያሳየኛል?" ሲሉ፣ ቸርቹ ሁሉ እያየ እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ!

ሰረቀ፦ ኖቬምበር ላይ።

ማንደፍሮ፦ እና?

ሰረቀ፦ አሁን ማርች ነው።

ማንደፍሮ፦ ሪሰርች ጊዜ ይፈልጋላ! አንተ ዘው ብለህ ስለምትገዛ ነው። እኔ ስለነዚህ ሁለት መኪኖች ያላየሁት የዩቲዩብ ቪዲዮ የለም። የኖርዌዩን ሳይቀር፣ ቋንቋው ሳይገባኝ አይቼዋለሁ።

ሰረቀ፦ ለመሆኑ ናዝሬትን እንደምትወዳት ነግረሃታል?

ማንደፍሮ፦ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? መኪናውን ስታይ ይገባታላ!

ሰረቀ፦ መኪናው ይናገራል?

ማንደፍሮ፦ ይናገራል እንጂ! ስማው!

(ሞተሩን ያስነሳና ነዳጁን ይረግጠዋል። ግቢው ይናወጣል።)

ሰረቀ፦ (እየጮኸ) እኛ ባለፈው ቅዳሜ ታሆ ሄደን ነበር!

ማንደፍሮ፦ (እየጮኸ) ታኮ? የሜክሲኮው ምግብ? እሱ ምን ያስጮሃል? ኦክላንድ ታኮ ሞልቶ!

ሰረቀ፦ እትዬ ተናኘም አብረውን ነበሩ!

ማንደፍሮ፦ ጎሽ! ወደዱት?

ሰረቀ፦ አለቀሱ!

ማንደፍሮ፦ ቃሪያው በዝቶባቸው ይሆናል!

ሰረቀ፦ በሁለት እጃቸው ዘግነው ፊታቸውን አሹበት!

ማንደፍሮ፦ ፊታቸውን? በታኮ?

ሰረቀ፦ ከዚያ እዚያው ቁጭ አሉና አልነሳም አሉ! በኋላ በጀርባቸው ተንሸራተቱ!

ማንደፍሮ፦ ምን ዓይነት ቤት ነው የወሰድካቸው? ወለሉን አይጠርጉም እንዴ?

ሰረቀ፦ ማን ጠርጎ ይዘልቀዋል? እስከ ጉልበት ይደርሳል!

ማንደፍሮ፦ ታኮው?

ሰረቀ፦ በረዶው!

(ማንደፍሮ ሞተሩን ያጠፋል። ጸጥ ይላል።)

ማንደፍሮ፦ የምን በረዶ?

ሰረቀ፦ የታሆ። ከመጣሁ ጀምሮ እሱን ልነግርህ ነው የምታገለው። ናዝሬት ኮል አደረገችልኝና፣ "በረዶው እየቀለጠ ነው፤ እማዬ ሳታየው ልትመለስ ነው። ማንደፍሮ አሁንም እየመረጠ ነው?" አለችኝ። "አዎ፣ ጎማ ላይ ደርሷል" አልኳት።

ማንደፍሮ፦ በምን ሄዳችሁ? በዚያች አሮጌ መኪናህ?

ሰረቀ፦ ኧረ በባቡር። ከኤመሪቪል ተነስቶ ታሆ አጠገብ፣ ትራኪ ድረስ ይወጣል። ስንት ፈረስ እንደሚጎትተው ግን አልጠየቅኩም።

ማንደፍሮ፦ (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) ናዝሬት ስለኔ ምንም አላለችም?

ሰረቀ፦ እኔ ነኝ ያነሳሁልህ። ስንመለስ እትዬ ተናኘን እንቅልፍ ሲወስዳቸው፣ "ማንደፍሮ እኮ ስላንቺ በጣም ያስባል" አልኳት። ጓደኛዬ አይደለህ?

ማንደፍሮ፦ (ቀና ብሎ) እሺ! ምን አለች?

ሰረቀ፦ "ስለኔ? እኔ እኮ መኪና ሊሸጥልኝ የሚፈልግ ነበር የመሰለኝ" አለች።

(ማንደፍሮ መሪውን ይለቃል።)

ማንደፍሮ፦ እራት ጋብዣት ሁሉ!

ሰረቀ፦ ነግራኛለች። ከሾርባው እስከ ኬኩ ስለ ጊርቦክስ ነው አሉ ያወራሃት። ከዚያ ዞር አለችና፣ "አንተስ ስለ ማን ነው የምታስበው?" አለችኝ።

ማንደፍሮ፦ አንተስ?

ሰረቀ፦ ታውቀኛለህ፤ እኔ ነገር ቶሎ አይገባኝም። ሳክራሜንቶ እስክንደርስ አሰብኩ።

ማንደፍሮ፦ ከዚያስ?

ሰረቀ፦ ዴቪስ ላይ ነገርኳት።

ማንደፍሮ፦ እና?

ሰረቀ፦ እናማ፣ ማርቲኔዝ ላይ እትዬ ተናኘ ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው፣ "እኔ መቼ ተኛሁ? ይልቅ እግዚአብሔር ይባርካችሁ" አሉን።

(ማንደፍሮ በመስታወቱ አሻግሮ የእንግሊዙን መኪና ያያል።)

ማንደፍሮ፦ ቢያንስ ቀደም ብለህ አትነግረኝም?

ሰረቀ፦ ሳምንቱን ሙሉ ደወልኩልህ። "ሪቪው እያየሁ ነው፣ ቴክስት አድርግልኝ" ትለኛለህ። እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ቴክስት ይደረጋል? ፊት ለፊት ልንገረው ብዬ ነው በባርት ባቡር የመጣሁት። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ እመነኝ።

ማንደፍሮ፦ (ጉሮሮውን ጠርጎ) ይሁን። እንኳን ደስ አላችሁ።

ሰረቀ፦ አልተቀየምከኝም?

ማንደፍሮ፦ ተቀይሜሃለሁ። ግን... እትዬ ተናኘ እውነት በጀርባቸው ተንሸራተቱ?

ሰረቀ፦ ከነነጠላቸው! "ድገሙኝ፣ ደግማችሁ ግፉኝ" እያሉ።

(ማንደፍሮ ሳይወድ በግዱ ይስቃል። ሻጩ ከቢሮው በር ላይ ሆኖ፣ "የትኛው?" በሚል እጁን ያወናጭፋል።)

ማንደፍሮ፦ በል ተነስ እንሂድ። ከእንግዲህ መኪና ምን ያደርግልኛል?

ሰረቀ፦ ኧረ እንዳትተወው! ሰርጉ እኮ እሳቸው አገር ቤት ሳይመለሱ፣ ኤፕሪል ላይ ነው። አንተን በጣም እንፈልግሃለን።

ማንደፍሮ፦ (ፊቱ በርቶ) ሚዜ ልታደርገኝ ነው?

ሰረቀ፦ ሚዜማ ሞልቷል። የጠፋው መኪና ነው።