ድንኳኑ ሙሉ ኦቦ ቶሎሳ

አማት ያለው ሰው የሚሠራን ኮድ አይነካካም! ይህን ምክር በነጻ ነው የምሰጣችሁ፤ እኔ ግን ዋጋ ከፍዬበታለሁ…

አምቦ ውስጥ ኮምፒውተር የማስተምር ሰው ነኝ። የባለቤቴ የሲፈን ታናሽ እህት ልታገባ ሆነና፣ «አንተ የተማርከው ለመቼ ነው?» ተብዬ የእንግዶቹ አቀማመጥ ለእኔ ተሰጠ። እናንተ ብትሆኑ ወረቀትና እስክሪብቶ ታነሱ ነበር። እኔ ፕሮግራም ጻፍኩ! ድንኳኑ ውስጥ ረድፍ፣ ረድፉ ውስጥ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ዙሪያ ወንበር፣ ወንበሩ ላይ ስም። ከዚያ ለየወንበሩ የስም ካርድ ይታተማል።

ከእንግዶቹ ሁሉ የሚያስፈሩት የአማቴ የአዴ ጫልቱ ታላቅ ወንድም ኦቦ ቶሎሳ ናቸው። በእኔና በሲፈን ሠርግ ከካቺሲ ድረስ ቢመጡ ከማድ ቤቱ አጠገብ፣ የድንኳኑ ምሰሶ ሥር አስቀመጥናቸው። ሳይመርቁ ወጡ! ከዚያ ወዲህ ጣሪያችን ቢያፈስም፣ እኔን ጉንፋን ቢይዘኝም አማቴ ምክንያቱን ያውቁታል። «ምርቃት የጎደለው ትዳር!» ይላሉ።

ስለዚህ በሠርጉ ዋዜማ ሲፈን መጣች። «ኦቦ ቶሎሳን ፊት አድርጋቸው። አሁንም ሳይመርቁ ከወጡ እማዬ አንተን ነው የምትረግመው!»

ቀላል ነበር። እኔ በምጽፍበት ስልት አንዴ የተሠራ ነገር አይለወጥም። አንድ ስም ለመቀየር አዲስ ወንበር፣ ለወንበሩ አዲስ ጠረጴዛ፣ ለጠረጴዛው አዲስ ረድፍ፣ ለረድፉም አዲስ ድንኳን ትሠራላችሁ። አሮጌው እንዳለ ይቀመጣል። አድካሚ ነው፤ ግን ይሠራል።

ይሠራ ነበር… የሥራ ባልደረባዬ ዳዊት ከኋላዬ ቆሞ ባያይ ኖሮ!

«ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ቅጂ? ሌንስ አትጠቀምም እንዴ?»

ሌንስ ማለት መንገዱን አንዴ የምትነግሩት ነገር ነው፤ ከድንኳን ወደ ረድፍ፣ ከረድፍ ወደ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛ ወደ ወንበር። ቅጂውን እሱ ይጨርሰዋል፤ የእናንተ ሥራ ስሙን መስጠት ብቻ ነው። «አውቃለሁ እኮ!» አልኩት ተናድጄ። ካልጠገቡ አይዘሉ… ሠርጉ ነገ ሆኖ ሳለ ኮዴን ማሳመር ጀመርኩ። አንድ ገጽ የነበረው አንድ መስመር ሆነ! አስኬድኩና የፊተኛውን ወንበር አየሁ። «ኦቦ ቶሎሳ» ይላል። ታዲያ ሌላውን ለምን አያለሁ?

ጠዋት ካርዶቹ ታትመው እንዳለቁ መብራት ሄደ። «ዕድለኛ ነኝ» ብዬ ካርዶቹን ድንኳን ለሚያስጌጡት ልጃገረዶች አስረከብኩና ጢሜን ልላጭ ሄድኩ። ስመለስ ካርዶቹ በየወንበሩ ተቀምጠዋል። የመጀመሪያው ወንበር ኦቦ ቶሎሳ። ከጎኑ ኦቦ ቶሎሳ። የሙሽሮቹ ወንበር… ኦቦ ቶሎሳና ኦቦ ቶሎሳ!

ያኔ ገባኝ። ሌንሱን «ይህኛው ወንበር» ማለት ሲገባኝ «እያንዳንዱ ወንበር» ብዬዋለሁ። እሱም ታዛዥ ነው፤ ምን ያድርግ? ትክክለኛው አሮጌ ድንኳን ኮምፒውተሬ ውስጥ ሳይነካ ተቀምጧል… ማተሚያው ግን ያለ መብራት ምን ይሠራል?

«ሰብስባቸው!» ብላ ሲፈን ጮኸች። አንድ ካርድ እንኳ ሳላነሳ ኦቦ ቶሎሳ ከዘራቸውን ይዘው ገቡ። አንዱን ወንበር አነበቡ። ሁለተኛውን አነበቡ። ረድፉን በሙሉ እየዞሩ አነበቡ።

«ማል ኩን? ምንድን ነው ይሄ?»

አማቴ እኔን አዩኝ። እኔ መሬቱን አየሁ። በጉንፋኔ ላይ ምን ሊጨመርብኝ ነው ብዬ ፈራሁ።

ሲፈን ፈጠን ብላ፣ «አባ ኮ፣ አባቴ፣ ባለፈው አስቀይመንዎት የለ? ዛሬ ድንኳኑ የእርስዎ ነው። የፈለጉበት ይቀመጡ!» አለች።

ኦቦ ቶሎሳ ድንኳኑን ዞር ብለው ቃኙ። ከዚያ ፊታቸው በራ።

«ሁሉም?»

«ሁሉም!»

ሳይደግስ አይጣላም ማለት ይሄኔ ነው! ከዚያማ ማን ይቻላቸው? በር ላይ ቆመው ለእንግዳው ሁሉ ወንበር የሚያድሉት እሳቸው ሆኑ። «ና፣ የእኔ ላይ ተቀመጥ… ግድ የለም፣ ሌላ አለኝ!» የሙሽራው አባት ሳይቀሩ አስፈቅደው ተቀመጡ። ሙሽሮቹንም መረቁ፤ የእኔንና የሲፈንን የከረመ ምርቃት ጨምረው! አማቴ እልል ሲሉ እኔ አለቀስኩ፤ ከደስታ ነው።

ምግብ ሲቀርብ ኦቦ ቶሎሳን ላከብራቸው ፊት ፊት ፈለግኋቸው። የሉም። ለካ ወንበሮቻቸውን አድለው ጨርሰዋል! ከማድ ቤቱ አጠገብ፣ የድንኳኑ ምሰሶ ሥር፣ በተገለበጠ የለስላሳ ሣጥን ላይ ተቀምጠው ሥጋቸውን በደስታ ይበላሉ።

አሮጌው ድንኳን አይለወጥም ብያችሁ አልነበር?