የልደታው ፀረ ታንክ አሸንዳ

ጠላት ያለው ሕዝብ መሣሪያ ያሻዋል፤ መሣሪያ ያጣ ሕዝብ ደግሞ ቢያንስ የመሣሪያ መልክ ሊኖረው ይገባል። ይህን ጥልቅ እውነት ከሁሉ ቀድሞ የተገነዘበው በልደታ የሚገኝ አንድ ቀበሌ ነበር። በዚያ ሰፈር ታንክ አልፎ አያውቅም፤ ስለሆነም ፀረ ታንክ መሣሪያ ማስፈለጉን የተጠራጠረ አልነበረም።

የሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት የአብዮት በዓል ሲቃረብ፣ እያንዳንዱ ቀበሌ የትግል ምልክት ይዞ እንዲሰለፍ ታዘዘ፤ ለበለጠውም የአንደኝነት ባንዲራ እንደሚሰጥ ተነገረ። የሰንጋ ተራዎቹ ከካርቶን ትራክተር እየሠሩ ነው የሚል ወሬ ደረሰ። ሊቀ መንበሩ ጓድ ሚደቅሳ ወዲያው ኮሚቴውን ሰብስበው ከጋዜጣ የተቀደደ ፎቶግራፍ ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። በምሥራቅ ግንባር የተማረከ፣ ሲተኮስ ተኳሹን ወደ ኋላ የማይገፋ ፀረ ታንክ መድፍ ነበር።

«ይህን እንሠራለን» አሉ።

«በምን?» አለ ከጠመንጃ ያዥ ሰፈር የተጠራው ቆርቆሮ ሠሪ ኦልጅራ።

«በቆራጥነት።»

«ቆራጥነትስ ሞልቷል፤ ቱቦ ነው የሌለው።»

ይህን ጊዜ የሁሉም ዓይን ወደ ቀበሌው ጸሐፊ ወደ አቶ ፍሰሃጽዮን ዞረ። አቶ ፍሰሃጽዮን ሰዋስው የተማሩ፣ ጥሬ እየቆረጠሙ፣ ጾም እየጾሙ ያደጉ፣ የቀበሌውንም ውሳኔ ሁሉ የሚያረቅቁ ሰው ነበሩ። አንድ ነውር ብቻ ነበረባቸው፤ በመንደሩ ውስጥ አሸንዳ ያለው የእርሳቸው ጣሪያ ብቻ ነበር። ባለፈው የሂስና የግለሂስ ስብሰባ ጉዳዩ ተነሥቷል። በሰፊው ሕዝብ ጣሪያ ላይ ዝናቡ እንዳሻው ሲወርድ፣ በአንድ ግለሰብ ጣሪያ ላይ ግን በሥርዓት በቱቦ መውረዱ የመደብ ጥያቄ ሆኖ ተገኝቷል። አቋማቸውን እስከ በዓሉ ካላሳዩ ስማቸው ከቀበሌው በላይ ወዳለው ወደ ከፍተኛው ጽሕፈት ቤት እንደሚተላለፍ ተነግሯቸዋል። በዚያ ዘመን ደግሞ ወደ ከፍተኛው የተላለፈ ስም ባለቤቱን ይዞ የሚመለሰው ከስንት አንዴ ነበር።

አቶ ፍሰሃጽዮን ተነሡ። «አሸንዳዬን ለአብዮቱ አበርክቻለሁ» አሉ። ተጨበጨበ።

ኦልጅራ መሰላሉን ሲያቆም ባለቤታቸው ወይዘሮ ኣክበረት ደጃፍ ላይ ቆመው ነበር።

«ዝናቡስ?»

«ዝናቡ ያልፋል።»

«በየት በኩል ነው የሚያልፈው? በአልጋው ላይ?»

«ኣክበረት፣ አሸንዳው ይሻልሻል ወይስ እኔ?»

ወይዘሮ ኣክበረት አሸንዳውን አዩት፤ ባላቸውንም አዩ፤ እንደገና አሸንዳውን አዩት። «እንግዲህ ይነቀል» አሉ። መልሱ ትክክል ነበር፤ ጥቂት ዘገየ እንጂ።

ቱቦው አረንጓዴ ተቀብቶ በአሮጌ ጋሪ ጎማ ላይ ተጫነ። አንድ ክርክር ብቻ ተነሣ።

«በፎቶው ላይ ኋላው ክፍት ነው» አለ ኦልጅራ።

«ኋላው ክፍት የሆነ መድፍ?» አሉ ሊቀ መንበሩ። «አድኃሪ ሊገባበት? እስቲ ጓድ ፍሰሃጽዮን፣ እርስዎ የተማሩ ነዎት።»

አቶ ፍሰሃጽዮን መድፍ በቅርብ አይተው አያውቁም፤ ነገር ግን ተጠይቀው አላውቅም ብለውም አያውቁም። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «መጨረሻው ያልተዘጋ ዓረፍተ ነገር፣ ዓረፍተ ነገር አይባልም። ይዘጋ።» በገዛ አሮጌ ጋቢያቸው ተዘጋ።

በበዓሉ ዋዜማ ዝናቡ ሲወርድ አደረ። መድፉ በቀበሌው ግቢ አፉን ወደ ሰማይ ከፍቶ ቆሟል። ሸራ ያለበሰው የለም፤ አብዮታዊ መሣሪያ ዝናብ ይፈራል ብሎ ማሰብ በራሱ ያስጠይቅ ነበርና። አቶ ፍሰሃጽዮንም በቤታቸው ከአልጋ ወደ አልጋ ሳፋ ሲያዛውሩ አደሩ።

በማግስቱ ኮሚቴው ከመድፉ ጀርባ ተሰለፈ፤ ከጀርባው መቆም የማዕረግ ምልክት ነበር። ለሊቀ መንበሩ መካከሉ፣ ለአቶ ፍሰሃጽዮን ቀኙ ደረሳቸው። ከክብር እንግዶች ፊት ሲደርሱ ጓድ ሚደቅሳ «አፈ ሙዙ ይበልጥ ይነሣ» ብለው አዘዙ። አፈ ሙዙ ተነሣ፤ ኋላው ወረደ። ሌሊቱን ሙሉ የታገሠው ጋቢም እጁን ሰጠ።

የዝናቡ ውኃ፣ በቱቦው ውስጥ ለዓመታት ከተጠራቀመ የእርግብ ኩስ ጋር፣ በአመራሩ ፊት ላይ ተረጨ። መድፉ እንደተባለለት ቅንጣት ታህል ወደ ኋላ አልተገፋም፤ የተተኮሰው ግን ወደ ኋላ ነበር።

ጓድ ሚደቅሳ ዓይናቸውን እየጠረጉ ወደ ቀኝ ዘንበል አሉ።

«አሸንዳው የማን ነበር?»

«የ… የአብዮቱ ነው። አበርክቼ የለም እንዴ?»

«ጋቢውስ?»

ለአቶ ፍሰሃጽዮን የከፍተኛው መንገድ ከፊታቸው ተዘረጋ፤ ኣክበረት ለምን ጥቂት እንደዘገየችም ያን ጊዜ ገባቸው።

በዚህ መካከል ከግንባር ቆስሎ የተመለሰ አንድ ሻምበል በምርኩዝ ከመቀመጫው ወረደ። መድፉን ዞሮ አየ፤ ረጥቦ የቆመውንም ኮሚቴ አየ፤ እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

«ማን ነው የሠራው? ቁርጥ እውነተኛውን! እርሱም ሲተኮስ በኋላው ነው እሳት የሚተፋው፤ ከጀርባው የቆመውን ይፈጀዋል። እኛ ዘንድ ከኋላው ሰው አይቆምም።»

ጓድ ሚደቅሳ ከፊታቸው ላይ ኩሱን ሳይጠርጉ ቀጥ አሉ። «ሆን ተብሎ ለሰፊው ሕዝብ ትምህርት የተዘጋጀ ነው፣ ጓድ ሻምበል» አሉ።

ቀበሌው የአንደኝነቱን ባንዲራ ወሰደ።

ከሰዓት በኋላ ኮሚቴው ተሰበሰበ፤ አቶ ፍሰሃጽዮንም ውሳኔውን በተለመደው ጥንቃቄ አረቀቁት። ከመድፉ በስተጀርባ መቆም ለሕይወት አደገኛ መሆኑ በተግባር ስለ ተረጋገጠ፣ ከእንግዲህ አመራሩ ከፊት ይሰለፋል፤ ከኋላ ሰፊው ሕዝብ ይቆማል። አንብበው ሲጨርሱ ሁሉም አደነቀ።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ እኔስ በየት በኩል ልቁም?» ሲሉ በትሕትና ጠየቁ።

ጓድ ሚደቅሳ እጃቸውን ጨበጧቸው። «ጓድ ፍሰሃጽዮን፣ እርስዎ እኮ አሁን አሸንዳ የለዎትም። ከሰፊው ሕዝብ አንዱ ሆነዋል። እንኳን ደስ ያለዎት።»

አቶ ፍሰሃጽዮን አመስግነው ተቀመጡ፤ ዓረፍተ ነገሩንም በአራት ነጥብ ዘጉት።