የተነሺዎች ቅጽ

ለፋብሪካ የገባው እስካቫተር ጉብታውን ሲገምሰው የጥንት ሰዎች መቃብር ወጣ። ከቅርስ ቢሮ ለተላከችው ባለሙያ፣ ለትርንጎ፣ አሥር ቀን ተሰጣት። አሥር ቀን! ስንት መቶ ዓመት የተኛን ሰው በአሥር ቀን አንሺ ነው እኮ የሚሏት። እየበሸቀች ብሩሿን ይዛ ጉድጓዱ ውስጥ ወረደች።

አብረዋት የሚቆፍሩት ጋሽ ደምሰውና አምስት ጎረቤቶቻቸው ናቸው። ቤታቸው እዚያው ከጉብታው ሥር ነበር። አምና ለዚሁ ፋብሪካ ፈረሰባቸውና ዛሬ በቀን ሠራተኝነት ተቀጥረው የገዛ ደጃቸውን ይቆፍራሉ።

በዘጠነኛው ቀን አሥራ ሁለት ሰዎች ወጥተው ሠላሳ ያህል ሲቀሩ የፋብሪካው ግንባታ ኃላፊ ኢንጂነር መክብብ ከመኪናው ወረደ።

«አልጨረሳችሁም? ነገ መሠረት እጥላለሁ እኮ!»

«መሠረት መጣሉንስ ታውቁበታላችሁ» አሉ ጋሽ ደምሰው ቀና ሳይሉ።

ኢንጂነሩ ምስጋና መሰለው። «ደግሞ እነዚህ ምን ያስቸግራሉ?» አለ ወደ ጉድጓዱ እያየ። «አቤቱታ የላቸው፣ ስብሰባ አይጠሩ። ዝም ያሉ ሰዎች ናቸው።»

«ዝም ማለቱንስ ብለዋል። ግን ይሄንን ጠጋ ብለው ይዩት፣ ጥርሱን ነክሶ ነው የተኛው።»

እውነትም የአጽሙ መንጋጋ ግጥም ብሏል። ኢንጂነሩ አልተጠጋም። ይልቅ ከቦርሳው ወረቀት አወጣ። የመንደሩ ሰው ቤቱን ሲለቅ የተሞላው ያው ቅጽ ነው፤ የኢንጂነሩ ቢሮ ሌላ ቅጽ የለውም። «የልማት ተነሺዎች ዝርዝር» ይላል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የጋሽ ደምሰውና የጎረቤቶቻቸው ስም ተደርድሯል፣ የመጨረሻው ገጽ ባዶ ነው።

«እዚህ ጋ ‹ቀሪ ተነሺ የለም› ብለሽ ፈርሚ። ነገ ኮንክሪት ይሞላል።»

የትርንጎ ደም ፈላ። ብትፈርም ሠላሳው ሰው ኮንክሪት ሥር ሊቀር ነው፤ ባትፈርም ራሷ ከሥራዋ መነሳቷ ነው።

«በዓይኔ እያየኋቸው እንዴት የሉም እላለሁ?»

«የሞተ ሰው ተነሺ አይባልም፣ እህቴ» አለ እየሳቀ። «ሙት ደግሞ ምን ይነሳል?»

ወይ ድፍረት! ጋሽ ደምሰው አማተቡ። ትርንጎ ግን እስክሪብቶውን ከእጁ መንጭቃ «የቀሪ ተነሺ ብዛት» ከሚለው ፊት ለፊት «ሁሉም»፣ «የሚነሱበት ቀን» ከሚለው ፊት ለፊት ደግሞ «ቀርቧል» ብላ ጻፈች። ፈርማ ወረወረችለት።

ኢንጂነሩ አንብቦ ፊቱ ጠቆረ። «ቀልድ ነው እንዴ? ነገ በጠዋት ማሽኑ ይገባል! ማን ሊያቆመው ነው? እስቲ አያለሁ!»

ጋሽ ደምሰው ዶማቸውን ተደግፈው ከመቃብሩ ወጡ። አምስቱም አፈር እንደለበሱ አንድ በአንድ ተከትለዋቸው ወጡና ዳር በቆመው እስካቫተርና በጉድጓዱ መሐል ቆሙ።

«አይቆጡ ጌታዬ» አሉ ጋሽ ደምሰው። «ዓመት ሙሉ ‹ተነሱ› ስትሉን ከረማችሁ። ይኸው፣ ተነሳን።»